ትርፍና ትርፍ ጊዜ

ኤልክ ናሮውስ፣ ሚኔሶታ
ኤፕሪል 7፣ 2013

ለተከበሩ አጎቴ ለትሪግቬ ሃውገን፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ በረዶው ግን ገና ከሐይቁ ላይ አልተነሳም። ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። ሲግኔ ነኝ፣ የአርኔ ልጅ፣ የአጎትዎ የሌፍ የልጅ ልጅ። በአያቴ ቀብር ዕለት ኮትዎን ተቀብላ የሰቀለችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እኔ ነበርኩ።

አድራሻዎን የሰጠችኝ አክስቴ ማርጅ ናት። «ትሪግቬ ሃያ ስድስት ዓመት የግማሹን ካውንቲ ሕዝብ የግብር ሒሳብ ሠርቶ ነው ወደ አያቶቹ አገር ወደ ኖርዌይ የገባው። ኮምፒውተር አይነካም፤ በፖስታ ከጻፍሽለት ግን ይመልስልሻል» አለችኝ። ላስቸግርዎ ይሉኝታ ይዞኝ ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

የምሠራው በካውንቲው የመሬት መዝገብ ቤት ነው፤ የይዞታ ካርታ እስላለሁ። አምና ለአንድ የሐይቅ ዳር ቤት ባለቤት የሐይቁን ወለል፣ ውሃው የት የት ስንት ጫማ እንደሚጠልቅ የሚያሳይ ካርታ ሠራሁለት። ትልቅ ነገር አይደለም። እሱ ለጎረቤቱ አሳየው፣ ጎረቤቱ ለአማቱ፤ አሁን ሰባት ሰው ገንዘቡን ይዞ ይጠብቀኛል። ከባንክ ተበድሬ አንድ የአሉሚኒየም ጀልባና በድምፅ ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ልገዛ አስቤያለሁ። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ደመወዝተኛ ሆኜ በጎን የራሴን ሥራ ብሠራ ግብሩ እንዴት ይሆናል? ማስመዝገብስ አለብኝ? ጊዜ ከሌለዎት ይተዉት፤ ትልቅ ነገር አይደለም።

በአክብሮት፣
ሲግኔ ሃውገን

—

ሂትራ ደሴት፣ ኖርዌይ
ኤፕሪል 29፣ 2013

ለልጄ ለሲግኔ፤

ሰላም ለቤትሽ፣ ሰላም ለሐይቃችሁ ይሁን። ኮቴን የሰቀልሽውን አስታውሳለሁ፤ ጓንቶቹን ኪሱ ውስጥ የከተትሽልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ «ትልቅ ነገር አይደለም» ብለሻል። እኛ የሚኔሶታ ሰዎች አንድ ቁራጭ ኬክ ለመቀበል ሦስት ጊዜ እምቢ እንላለን። ለኬክ ያምራል። ለግብር ቢሮ አያምርም።

አሁን የምልሽን በተራ አድርጊ። በራስሽ ሙሉ ስም ብትሠሪ ማስመዝገብ አያስፈልግሽም ነበር። እኔ ግን የንግድ ስም አውጪ እልሻለሁ። በሚኔሶታ ግዛት የንግድ ስም ያወጣ ሰው ስሙን በአካባቢው ጋዜጣ ሁለት እትም በተከታታይ ማሳወቅ አለበት። እንደሚያሳፍርሽ አውቃለሁ፤ የመከርኩሽም ለዚሁ ነው። ከዚያ ለሥራው ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ክፈቺ፤ የዳቦሽና የጀልባሽ ገንዘብ አይተዋወቁ። መኪናሽ ውስጥ ደብተር አኑሪ፤ ለሥራ የነዳሽውን መንገድ በዕለቱ ጻፊ እንጂ በዓመቱ መጨረሻ አታስታውሺ። ማትረፍ ስትጀምሪ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ለግብር ቢሮ ከመላክ ይልቅ ከደመወዝሽ ላይ ጨምረው እንዲቆርጡ ለመሥሪያ ቤትሽ ንገሪ። ደመወዝተኛ ያለው ጥቅም ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ለአለቃሽም ሳትደብቂ አሳውቂ፤ ስታሳውቂ ግን ቃልሽን መርጠሽ ጻፊ።

በመጨረሻም በአንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ ማን ይከፍልሻል፣ ስንት፣ በስንተኛው ዓመት ታተርፊያለሽ፣ ካላተረፍሽስ ምን ትለውጫለሽ። ቀን ጽፈሽና ፈርመሽ ላኪልኝ።

እኔም የማስቸግርሽ አለኝ። አባቴ ኬትል በሚባለው ሐይቅ መሀል ላይ ከውሃው በታች ጉብታ አለ ይል ነበር። አንድም ሰው አላመነውም፤ «የሃውገን ተራራ» እያሉ እስኪሞት ቀለዱበት። ካርታውን ሥሪልኝ።

አጎትሽ ትሪግቬ

—

ኤልክ ናሮውስ፣ ሚኔሶታ
ጁን 30፣ 2013

ለተከበሩ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ገጹንም ፈርሜ በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ። በሦስተኛው ዓመት አተርፋለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። ካላተረፍኩ ዋጋ እጨምራለሁ፤ እሱም ካልሠራ መሣሪያውን ሸጬ ዕዳዬን እከፍላለሁ።

ጋዜጣው ግን ጉድ አደረገኝ። «ናሮውስ የጥልቀት ካርታ፣ ባለቤት ሲግኔ ሃውገን» ተብሎ ከጠፋ ውሻ ማስታወቂያ በታች ሁለት ሳምንት ወጣ። የብረታ ብረት ሱቁ ዴል አይቶኝ ከመደርደሪያው ማዶ ጮኸ።

«ካፒቴን፣ መርከብሽን የት አቆምሽ?»

«ዴል፣ ብሎኑን ስጠኝና ልሂድ።»

«ለባለ ድርጅት ዋጋ ይጨምራል።»

አለቃዬም ወይዘሮ ቨርና ኮስኪ ጋዜጣውን ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። «ይሄ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ይሰማል። «ኧረ እንዲሁ ነው፣ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» አልኩ። «እንግዲያው እንደዚያው ብለሽ የጎን ሥራ ማሳወቂያ ፎርሙ ላይ ሙዪው» አሉ። ሞላሁ፣ እሳቸውም ፈረሙ። ያለ ችግር አለፈ።

ካርታዎን ደግሞ ይኸው። ሐይቁን ሁለት ቀን ሙሉ እየተመላለስኩ ለካሁት። ዙሪያው ሠላሳ አንድ ጫማ ሲጠልቅ መሀል ላይ በድንገት ስምንት ተኩል ይሆናል። የአባትዎ ጉብታ አለ፣ አጎቴ። በካርታው ላይ «የሃውገን ጉብታ» ብዬዋለሁ። ክፍያ አልጠይቅም፤ ዘመድ አይደለን?

ሲግኔ

—

ሂትራ
ጁላይ 22፣ 2013

ለሲግኔ፤

ደህንነትሽን እመኛለሁ።

ካርታውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ግማሽ ቀን አየሁት። ከዚያ አጠፍኩት። ይኸው፣ መልሼልሻለሁ።

ዘመድ ለዘመድ በነጻ የሠራው ካርታ ደግነት ነው፤ አባቴን ሲያሾፉበት የነበሩት ሰዎች ልጆች ቢያዩት «የሥጋ ነገር ነው፣ ልታስደስተው ነው» ይላሉ። የተከፈለበት ካርታ ግን ምስክር ነው። የክፍያ መጠየቂያ አዘጋጂ። ቁጥር 1 በይው። ዋጋሽን ሳትቀንሺ ጻፊ። ያኔ ካርታዬን ትልኪልኛለሽ።

ስለ ፎርሙ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ስለሱ አሁን አልጽፍም።

ትሪግቬ

—

ኤልክ ናሮውስ
ኦገስት 11፣ 2013

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? የክፍያ መጠየቂያ ቁጥር 1 በውስጡ አለ፤ ሁለት መቶ አርባ ዶላር። ዋጋውን ሁለት ጊዜ ቀንሼ ጽፌ፣ ሁለቴም ቀደድኩት። እውነቱን ልንገርዎት? ከፖስታ ቤት ስመለስ ግን ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ስለ ፎርሙ ምን ሊሉኝ ፈልገው ነበር? ያጠፋሁት ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ሲግኔ

—

ሂትራ
ዲሴምበር 15፣ 2013

ለልጄ ለሲግኔ፤

የልደት በዓል የሰላም ይሁንልሽ። በመዘግየቴ ይቅርታ፤ ነፋሱ የጎተራውን ጣሪያ ገንጥሎት ነበር።

ቼኩ በውስጡ አለ። ካርታውን ላኪው። መኪናሽ ውስጥ ያለው ደብተር እንዳይዘለል።

ትሪግቬ

—

ኤልክ ናሮውስ
ኦክቶበር 18፣ 2015

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በየገናው ካርድ ብቻ እየላክሁ ቆይቼ ዛሬ ችግር ይዤ በመምጣቴ አፍራለሁ።

ከግብር ቢሮ ደብዳቤ መጣልኝ። በ2013 እና በ2014 ለጀልባው፣ ለመሣሪያውና ለነዳጅ ያወጣሁት ካገኘሁት ይበልጥ ነበር። ኪሳራውን ከደመወዜ ላይ ቀንሼ ግብር ተመልሶልኛል። አሁን መርማሪው የሚለው፣ ሐይቅ ላይ በጀልባ መዋል መዝናኛ ነው፤ ለመዝናኛ የወጣ ወጪ ከደመወዝ ላይ አይቀነስም። በሕጉ ሥራው ከመጀመሪያው ለትርፍ ታስቦ የተጀመረ መሆኑን ማሳየት አለብኝ። ካላሳየሁ ከነቅጣቱ አራት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ዶላር እመልሳለሁ። ጀልባዋን ካልሸጥኩ ያን ያህል የለኝም።

ከዚህ የባሰውን ልንገርዎት። የሚፈልጉትን ወረቀት ሁሉ ላኪ ሲሉኝ፣ የደበቅኩት ነገር እንዳይኖር ብዬ አለቃዬ የፈረሙበትን ፎርምም አብሬ ላክሁ። ማንም አልጠየቀኝም። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት።

ዘንድሮ አትርፌያለሁ፣ አጎቴ። የአርባ አንድ ሐይቅ ካርታ ሠርቻለሁ። ግን ሰውዬው ፊት ቀርቤ «ይህ ትልቅ ሥራ ነው» ማለት አልችልም፤ አንደበቴ ይተሳሰራል። ከፍዬ ልገላገል ይሻላል። ዴል ጀልባዋን እገዛለሁ ብሏል።

ሲግኔ

—

ሂትራ
ኦክቶበር 27፣ 2015
በአስቸኳይ ፖስታ

ለልጄ ለሲግኔ፤

ጤና ይስጥሽ፤ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። አትክፈዪ። ጀልባዋንም ለዴል አትሽጪ።

ከሁለት ዓመት በፊት የጠየቅሽኝን አሁን እመልሳለሁ። እስከ 1984 ድረስ ቀን ቀን የወረቀት ፋብሪካው ሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር፤ ከሥራ በኋላ ጎተራዬ ውስጥ የእንጨት ጀልባ እሠራለሁ። ስድስት ሠራሁ። ሦስቱን ሸጥኩ፤ ሦስቱን «እንዲሁ ውሰዱት» ብዬ ለዘመድ ሰጠሁ። አያትሽ ሌፍ ጋ የነበረችው አረንጓዴዋ ጀልባ የእኔ ሥራ ናት። የግብር መርማሪ መጣ። ጥሩ ሰው ነበር። «ይህን የምትሠራው ለምንድን ነው?» አለኝ። ሚስቴ ኢንጋ ከጎኔ ቆማለች፣ ምን እንደምመልስ ታውቃለች፤ ሌሊት ሌሊት ዋጋ ስናሰላ፣ ፋብሪካውን የምለቅበትን ዓመት ስንቆጥር ነበርና። እኔ ግን «ኧረ እንዲሁ ነው፤ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው» አልኩት። ጻፈው። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያፈርስ አንድም ወረቀት አልነበረኝም። መጋዝና መላጊያዬን ሸጬ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ለሌላው ሰው ሁሉ የግብር ሒሳብ ስሠራ ሃያ ስድስት ዓመት ኖርኩ፤ ጀልባ ግን አልሠራሁም። ኢንጋ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ቢወቅሱት የሚሻል ነገር አለ።

ያንን ቃል በፎርሙ ላይ እንደጻፍሽ ሳነብ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። በወቅቱ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ትርፍ የምትለዋን ቃል ከጊዜ ጋር አጋባሻት፤ ባሏ ግን ሥራ ነበር። ለማፋታት ጊዜ አለ። አንቺ እኔ ያልነበረኝ ነገር አለሽ። በ2013 ፈርመሽ የላክሽልኝ ገጽ ከነፖስታው፣ የቴምብሩ ማኅተም ከነቀኑ፣ ይኸው። ጋዜጣዎቹ አሉሽ። ቁጥር 1 አለሽ።

አስቀድመሽ ግን ወደ አለቃሽ ሂጂ። ፎርሙን አርሚው። ሊከለክሉሽ ይችላሉ፤ ደመወዝሽን ወይም ካርታሽን ምረጪ ሊሉሽ ይችላሉ። ቢሆንም ሂጂ። ሁለት ዓይነት ወረቀት ይዘሽ መርማሪ ፊት አትቅረቢ።

ትሪግቬ

—

ኤልክ ናሮውስ
ፌብሩዋሪ 21፣ 2016

ለውድ አጎቴ፤

ሰላምና ደስታ ለቤትዎ። ዜናውን መጀመሪያ ላይ ብጽፈው ቀሪውን አያነቡልኝም፤ ስለዚህ በተራው እነግርዎታለሁ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግሥት ወይዘሮ ቨርና ቢሮ ገባሁ። «ፎርሙ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ሥራ ነው። ለማትረፍ ነው የጀመርኩት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብሽ» አሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ በጋዜጣ አንብቤዋለሁ እኮ። ወንድሜም ከአንቺ ካርታ ገዝቷል፤ አንድ ሳንቲም እንኳ አልቀነስሽለትም፤ እስካሁን ያማርራል።» ከዚያ ቀና ብለው ተቀመጡ። «አሁን እንደ አለቃ ልናገር። እዚህ ቢሮ የድንበር ጉዳይ ያለው ሰው ደንበኛሽ አይሆንም። የቢሮውን ኮምፒውተር አትነኪም። በሥራ ሰዓት ስልክ አታነሺም። ሦስቱንም ጻፊና ፈርሚ።» አዲሱ ፎርም ላይ «የግል ሥራ፣ ለትርፍ» ብዬ ጻፍኩ። የድሮውን አልቀደዱትም፤ ከአዲሱ ጀርባ አያያዙት። «ሰው እንደሚማር ማስረጃ ይሁን» አሉ።

ቀጠሮው ባለፈው ወር ዱሉት ከተማ ነበር። መርማሪው አቶ ሊንድግሬን ይባላል፤ ስድሳ ዓመት የሚሞላው ይመስለኛል፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ ጨርቅ ተጥፎበታል። የመጀመሪያ ጥያቄው እርስዎን የጠየቁዎትን ይመስል ነበር።

«ይህ ሥራ ደስ ይልሻል?»

«ኧረ እንዲሁ» የሚለው ቃል ጥርሴ ጋ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«አዎ፣ ደስ ይለኛል። እርስዎ ሥራዎን አይወዱትም?»

«ሐሙስ ሐሙስ።» አልሳቀም። «ሐይቅ ላይ ዓሣ ታጠምጃለሽ?»

«በዚያች ጀልባ አንድ ዓሣ ወጥቶ አያውቅም። የማጥመጃ ዘንግም የለኝም። ኖቬምበር ላይ ጣቶቼ ደንዝዘው እርሳስ የማልይዝበት ቀን አለ፤ ያን ዕለት ደስ አይለኝም፣ ግን እሄዳለሁ፤ ቀን ቆርጬ ተቀብያለሁና።» ደብተሩን ሰጠሁት። ያልተጻፈበት ቀን ሲፈልግ ረጅም ጊዜ ገለባበጠው።

ከዚያ ፎርሙን አወጣ። «ይህስ? የአንቺ ጽሕፈት ነው።»

«የእኔ ነው። አለቃዬ ሰው ፊት ጠየቁኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «እናቴ ስድሳ ዓመት ኬክ ስትጋግር አንድ ቀን እንኳ 'ተሳክቶልኛል' ብላ አታውቅም። የዚህን አገር ሰው ስለ ራሱ የሚለውን ባምን በመላው ሰሜን ሚኔሶታ ገቢ ያለው ሰው አይገኝም» አለ። «ግን በአዘኔታ አልወስንም። ወረቀት አሳዪኝ። ያኔ የተጻፈ፣ ዛሬ ያልተጻፈ።»

ጋዜጣዎቹን ዘረጋሁለት። ሁለቱንም እትም፣ ከጠፋው ውሻ ጋር። ቀናቸውን ከፎርሙ ቀን ጋር አነጻጸረ፤ የመጀመሪያው በዘጠኝ ቀን ይቀድማል። «ውሻው ተገኘ?» አለ። «ተገኝቷል» አልኩት። ቀጥሎ እርስዎ ያቆዩልኝን ፖስታ ሰጠሁት። ማኅተሙን በማጉያ አየ። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበ። «በሦስተኛው ዓመት አተርፋለሁ ብለሽ ነበር። ሦስተኛው ዓመት 2015 ነው» አለና የዚያን ዓመት ትርፌን ለብቻው ጻፈ።

የመጨረሻው ቁጥር 1 ነበር።

«ሃውገን ለሃውገን። ዘመድሽ ነው?»

«የአባቴ የአጎት ልጅ ነው።»

«ዘመድሽን ሙሉ ዋጋ አስከፈልሽው?»

«በነጻ ልኬለት ነበር። ከኖርዌይ መለሰልኝ።»

የመለሱበትን ደብዳቤ ጠየቀኝ፤ ነበረኝ። «የተከፈለበት ካርታ ግን ምስክር ነው» የምትለዋን በጣቱ እየተከተለ አነበባት። ከዚያ ወረቀቶቹን አስተካክሎ መለሰልኝ። «ይህ ሰውዬ ለእኛ መሥራት ነበረበት» አለ።

ትናንት ውሳኔው መጣ። ሥራ ነው። ሁለቱም ዓመት እንዳለ ጸድቋል፤ የምመልሰው አንድ ሳንቲም የለም። ቃሉን ልቅዳልዎት፦ «ግብር ከፋይዋ ሥራውን የጀመረችው ለማትረፍ አስባ ነው።» ደብዳቤውን ይዤ ዴል ሱቅ ገባሁና መደርደሪያው ላይ ዘረጋሁት። አንብቦ ሲጨርስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ካፒቴን፣ የጀልባዋ ነገር አከተመ በይኛ» አለኝ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። የአሉሚኒየሟ ጀልባ መንገድ ለሌላቸው ትንንሽ ሐይቆች ትከብዳለች፤ አምና አሥራ አራት ሥራ በዚህ ምክንያት መልሻለሁ። ሁለት ሰው ተሸክሞ ጫካ የሚያቋርጣት ቀላል የእንጨት ጀልባ ያስፈልገኛል፤ አሥራ አራት ጫማ፣ ወለሏ ጠፍጣፋ። የሌፍ አረንጓዴ ጀልባ ማርጅ ጎተራ ውስጥ አለች። ገልብጬ አየኋት፤ በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ መገጣጠሚያ አልተከፈተም። ሠሪዋን ስለማውቀው ሌላ ሰው አልጠይቅም።

ዋጋዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ። «እንዲሁ ውሰጂው» የሚል ወረቀት ከመጣ በመጣበት ፖስታ ይመለሳል።

አክባሪዎ፣
ሲግኔ ሃውገን
የናሮውስ የጥልቀት ካርታ ባለቤት

—

ሂትራ
ማርች 4፣ 2016

ለወይዘሪት ሲግኔ ሃውገን፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ለኢንጋ መቃብሯ ላይ አነበብኩላት፤ የመርማሪውን ክፍል ሁለት ጊዜ። ካርታው ከወጥ ቤቱ ግድግዳ አልወረደም።

ለጥያቄሽ መልሱ ከዚህ በታች ነው። ሦስቱን እምቢታ ፖስታ ቤት እስክደርስ በእግሬ ጨርሻቸዋለሁ።

የዋጋ ማቅረቢያ ቁጥር 1
አንድ የእንጨት ጀልባ፣ አሥራ አራት ጫማ፣ ወለሏ ጠፍጣፋ። እንጨቱ የእናንተው አገር ዝግባ። የሚሠራው በኤልክ ናሮውስ፣ በማርጅ ጎተራ፤ ሠሪው ሜይ 20 ይገባል። ዋጋ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር። ግማሹ በቅድሚያ።

የንግድ ስሜ በናሮውስ ሄራልድ ጋዜጣ ለሁለት እትም እንዲወጣ ክፍያውን ዛሬ ልኬያለሁ። ከጠፋ ውሻ በታች ቢሆን አልጠላም።

ትሪግቬ ሃውገን
ጀልባ ሠሪ